ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅብኛል። የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ በደረስኩ ቁጥር እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ምስር መልቀም እጀምራለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት አሁን ቤቴ ውስጥ ያልተለቀመ ምስር የለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምሸሽበት ስለሌለኝ ልናገር።

አስካለ እባላለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። የከተማው ሰው «ቲቸር» ይለኛል፤ እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። መንገድ ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄደው በዚያች ቃል ነበር። ባለቤቴ ደምሴ ደግሞ ባስ ጊታር ይመታ ነበር፤ ለሠርግና ለምርቃት የሙዚቃ መሣሪያም ያከራይ ነበር። ሰው «ባልሽ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው» እላለሁ። በእኛ አገር ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ይጨበጨብለታል እንጂ የእሱ ሚስት መሆን አያስመካም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ አንድም ቀን «ባሌ ባስ ይመታል» ብዬ አላውቅም።

ዕቃው የሚቀመጠው ከጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት አምፕና ሁለት ሳጥን አለን። አምፕ የሚባለው ከጊታሩ የሚመጣውን ቀጭን ድምፅ ተቀብሎ ጉልበት የሚሰጠው መሣሪያ ነው። ሳጥን የምንለው ስፒከሩ የተገጠመበትና ድምፁ የሚወጣበት ነው። ለየብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የሚገናኙት በገመድ ነው። ከአምፖቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። ከሳጥኖቹ አንዱ ቁመቱ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ አንድ ሰፊ ስፒከር ያለው ነው። ሌላው አጠር ያለ ሆኖ አራት ትናንሽ ስፒከሮች ተገጥመውበታል።

የትኛው አምፕ ለየትኛው ሳጥን እንደሚስማማ ደምሴ እራት ላይ ያወራ ነበር። ኦም፣ ዋት፣ ሙቀት ይላል። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ «እህ» እላለሁ። አንድ ቀን «ስሚኝ እንጂ አስኩ፣ ይህ እኮ ቀልድ አይደለም፣ ካልተመጣጠኑ ይገዳደላሉ» አለኝ። «እህ» አልኩት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት «ደረቴን» አለና አረፈ። የቀረበለት ሻይ ገና አልበረደም ነበር። ሐኪሙ «ልቡ ነው የቆመው» ከማለት ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም።

አሁን ወደ ምስር መልቀሚያዬ ቦታ ደርሻለሁ።

አርባው ባለፈ ማግስት ጎረቤቴ ዘነበች ቤቱን ልታጸዳልኝ መጣች። የዕቃውን ክፍል እየጠረገች ሳለ ጮኸች።

«ቲቸር! ነይ እዚህ! በእጅሽ ግን ምንም እንዳትነኪ!»

ስገባ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። በጣቷ ከሳጥኖቹ የአንዱን እጀታ ታሳየኛለች። ቀይ የሱፍ ክር ታስሮበታል። ትልቁ አምፕ ላይም ሌላ ቀይ አለ። በቀሩት ሁለቱ ላይ ደግሞ አረንጓዴ።

«ክር ነው እኮ» አልኳት።

«ክር ነው ትላለች! ሦስት ጊዜ ነው የተቋጠረው፣ ቁጠሪው! ደህና ሰው ሳጥን ላይ ክር ምን ያስቋጥረዋል? ይህ አሠርተውበት ነው። ባልሽን የበሉት በዚህ ነው።»

«ማን?»

«እሱን እግዜር ይወቅ። ይኸው ደግሞ ጽሑፉ! የፈረስ ኮቴ ይመስላል፣ አየሽው?»

በሳጥኑ ጀርባ በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፎ ከጎኑ እንደ ፈረስ ኮቴ ያለ ምልክት ነበር። አንባቢዎቼ፣ ያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሚለካበት የኦም ምልክት ነው። በየዓመቱ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ በነጭ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ ፈተና ላይ የማወጣው፣ ያልመለሰውን ልጅ ውጤት የምቀንስበት ምልክት። በዚያች ቀን ግን አየሁትና ፀጉሬ ቆመ። ጠልሰም መሰለኝ።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ብዙ አስቤበታለሁ። «ልቡ ቆመ» የሚለው መልስ ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም። እኔ ደግሞ ጥፋተኛ እፈልግ ነበር። ዘነበች ባታገኝልኝ ራሴ እፈልገው ነበር።

ክሮቹን በምላጭ ቆርጠን፣ በጉጠት ይዘን፣ ጓሮ አወጣንና አቃጠልናቸው። ጸበል አምጥተን ክፍሉን ረጨነው፤ አምፖቹንም ሳይቀር። ጽሑፉን በበረኪና እስኪጠፋ ድረስ የፈተግሁት እኔ ራሴ ነኝ። ስጨርስ ዘነበች «አሁን ተነፈስሽ» አለችኝ። እውነትም ተንፍሼ ነበር።

ቀኑ ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ጋሽ ወርቅነህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። ልጃቸው የደምሴን የእህት ልጅ ትዕግስትን ሊያገባ ነው፤ ቀኑ የተቆረጠው ደምሴ በሕይወት እያለ ነበር።

«ወይዘሮ አስካለ» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ሐዘናችሁ ገና እርጥብ ነው። ልጅቱን ያለ ሙዚቃ፣ በምርቃት ብቻ ብንወስዳት አይሻልም? ሰውም ይረዳል።»

«ደምሴ ቃል ገብቶላታል፣ ጋሽ ወርቅነህ። አባቷ የሞተው እሷ ዳዴ ስትል ነው፤ አባት የሆናት እሱ ነው። በሠርግሽ ቀን መሬቱን አነቃንቅልሻለሁ ብሏታል። እሱ ባይኖር ዕቃው አለ።»

«ዕቃው ብቻውን ምን ያደርጋል? ማን ያንቀሳቅሰዋል?»

«እኔ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም በሆዴ «ማን ነው የተናገረው?» አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያላነሳሁትን ገመድ ላነሳ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ቀዝቀዝ ብለው «እንግዲህ ካልሽ እሺ። ግን ጥቁር ለብሰሽ ሙሽራ ቤት ሙዚቃ ስትከፍቺ አንድ ነገር ቢበላሽ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ» አሉኝ። አውቅ ነበር። ገደ ቢስ መባልን እዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ ከእኔ አልፎ ለልጅቱ ትዳር የሚተርፍ ስም ነው።

ሠርጉ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በደምሴ እህት ቤት ነበር፤ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር። ዕቃውን በጭነት መኪና ጫንን። ባሱን የሚመታው ሽመልስ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ የደምሴ የወጣትነት ጓደኛ። ከእሱ ጋር አንድ የኪቦርድ ተጫዋችና አንዲት ዘፋኝ መጥተዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዳሱ ጥግ ዕቃውን አወረድን። ነፋሱ ሸራውን ያራግበዋል፣ ጀነሬተሩ ከቤት ጀርባ ያጓራል። ሽመልስ በዕቃዎቹ ዙሪያ ዞረ። አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ።

«ቲቸር፣ ክሮቹስ?»

«የምን ክሮች?»

«ቀይና አረንጓዴው ነዋ። ደምሴ ያሰራቸው። ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ ነበር የሚያጋጥመው። እኔ መምታት እንጂ ሌላ አላውቅም፤ ክሩን አይቼ ነው የምሰካው።»

ጓሮ በጉጠት ይዘን ያቃጠልነው ክር ዓይኔ ላይ መጣ።

«አይጥ በላቸው» አልኩት።

«አይጥ? አራቱንም?»

«አራቱንም።»

«ጀርባቸው ላይስ ጽፎ አልነበር?»

«ዝናብ ነካው።»

ሽመልስ አንገቱን አከከ። ቤት ውስጥ ዝናብ የነካውንና አይጥ መርጦ የበላውን ዕቃ እያየ ትንሽ አሰበ፤ ለሐዘንተኛ ግን ውሸታም አይባልም። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ።

«የሳይንስ መምህርት እኮ ነኝ፣ ሽመልስ!»

እንዲህ ካልኩ በኋላ ወደ ኋላ የለም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አራቱን ዕቃዎች አየኋቸው፣ ተማሪ ፊት እንደቆምኩ። ከዚያ ፍርዴን ሰጠሁ፦ ትልቁን አምፕ ከትልቁ ሳጥን፣ ትንሹን ከትንሹ። ከዚህ የበለጠ ምን ግልጽ ነገር አለ? ጫማ እንኳ የሚገዛው በእግር ልክ ነው።

ባሱም፣ ኪቦርዱም፣ የዘፋኟ ማይክም በአንድ አምፕ ነው የሚያልፉት፤ ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲደርስ ሽመልስ መምታት ጀመረ፣ ድምፁም ግሩም ነበር። ያ ትልቅ ሳጥን ሲያጓራ ሴቶች እልል አሉ። ትዕግስት ከተቀመጠችበት አሻግራ አየችኝና ፈገግ አለች። እኔም አገጬን ቀና አደረግሁ። ደምሴ ለዚህች ሥራ ነበር እራት ላይ ያን ያህል የሚያወራው ብዬ አሰብኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሳጥኑ ማሳል ጀመረ። እንደ ሽማግሌ፣ ከሆዱ። ከዚያ ድምፁ ሻከረ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ መጣ። ሽመልስ ዘሎ ገመዱን ነቀለ።

«ችግር የለም» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። «ወደ ሁለተኛው እንሄዳለን።»

ትንሹን አምፕ ከባለ አራቱ ሳጥን ጋር ሰካን። ግማሽ ዘፈን ሄደና ጭጭ አለ። ሽመልስ አምፑን ነካውና እጁን አራገበ፤ ቆሎ መቁላት ይቻልበት ነበር። እስኪበርድ ጠበቅን። እንደገና ከፈትን። እንደገና ጭጭ።

አሁን ተረጋግታችሁ ለምታነቡት መልሱ የዓይን ጥቅሻ ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ ግን ሽመልስ ባለ አራቱ ሳጥን ራሱ የታመመ መሰለው። ትልቁን አምፕ አቅፎ ቆመ።

«የቀረን ደህና ዕቃ ይህ ብቻ ነው፣ ቲቸር። እሱንም ሰክተን ከተቃጠለ ከደምሴ ምንም አልተረፈም ማለት ነው። እኔ እጄን አላስገባም።»

የበግ አጥንት የሚግጡት እንኳ መጋጣቸውን ትተው ወደ እኛ ዞሩ። ከሙሽራው ወገን አንዲት ሴትዮ «ድሮስ ጥቁር የለበሰች ሴት ሙሽራ ቤት ምን ታደርጋለች» ስትል ሰማኋት፤ እንድሰማት ብላ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ያዘኑልኝ ነው የሚመስሉት። «ሟች አልፈቀደም ማለት ነው። አይታገሉትም። ምሳው ይብቃና ልጅቱን መርቀን እንውሰዳት።»

ትዕግስት ሰማች። ሙሽራ መሆኗን ረስታ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ ሞልቷል።

«እታለም፣ አጎቴ አልመረቀኝም ማለት ነው?»

በእኔ ላይ የሚባለውን እችለው ነበር። ደምሴ ግን በሞቱ እንኳ ይህችን ልጅ ማስለቀሱን ልችለው አልቻልኩም። የማይክ ድምፅ ስለሌለ በክፍል ውስጥ በምጮህበት ጉሮሮዬ ጮህኩ።

«ደምሴ የለበትም! ጥፋቱ የእኔ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም በክር ምልክት አድርጎ ነበር። ክሩን አቃጥዬዋለሁ።»

«አቃጠልሽው? ለምን?» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

ፊቴን ወደ ተቃጠለው ሳጥን አዞርኩ።

«መተት መስሎኝ።»

ከዚያ ሽመልስ ከጀርባዬ፣

«ለካ አይጧ አንቺ ነሽ!» አለ።

አንድ ሰው ፈነዳ። ሌላው ተከተለ። እኔም አንዴ ከጀመርኩ ሁሉንም ልጨርስ ብዬ «ጽሑፉንም በበረኪና ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጸበልም ረጭቼባቸዋለሁ» ስል ዳሱ ድብልቅልቁ ወጣ። ሽመልስ ትልቁን አምፕ ከፍ አድርጎ «ታዲያ ይህ ተጠምቋል፣ ስሙን ማን አላችሁት?» ይላል። ጋሽ ወርቅነህ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይነቀነቃል። እኔም ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጡንቻው ረስቶት ኖሮ ጎኔን አመመኝ። መካከል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ፣ ግን ማንም የለየው አልመሰለኝም።

ሳቁ ሲበርድ ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ገበያ ላይ ሱፍ ፈትለው የሚሸጡት እማማ ተዋበች ናቸው።

«ያቃጠልሽውን ክር የፈተልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ይቅርታሽን ተዪውና ስሚኝ። ለምንህ ነው ብዬ ጠይቄው ነበር። ቁጭ ብሎ አጫወተኝ፤ ሥራ አስፈትቶኝ ነው የዋለው። ‹ትልቁ አምፕ ጉልበተኛ ነው፣ እማማ፤ ጉልበቱን የሚችሉለት እነዚያ አራቱ ወጣቶች ናቸው፣ ለእነሱ ቀዩን አስራለሁ። ትልቁ ሳጥን ግርማው ብቻ ነው የቀረው፣ ውስጡ አርጅቷል፤ እሱን አራቱን መሸከም ከማይችለው ከትንሹ አምፕ ጋር አቀናጀዋለሁ› አለኝ። በሬስ ቢሆን እንዲያው አይደል? ወይፈንን ከሽማግሌ በሬ ጋር የሚጠምድ ማን አለ?»

ዳሱ ውስጥ ያለው ገበሬ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። ያላወቅሁት መምህርቷ ብቻ ነኝ።

«ይህን ሁሉ ለእርስዎ ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ነገረኝ እንጂ። ሚስትህ አትሰማህም ወይ ብዬ ብጠይቀው ‹እሷማ ታስተምረዋለች እኮ፣ እማማ። ለእሷ ምን እነግራታለሁ? ስጀምርላት ቀድማ ታውቀዋለች› አለኝ። ይኮራብሽ ነበር።»

እዚህ ላይ ምስር ቢኖረኝ ኖሮ እለቅም ነበር።

ትልቁን አምፕ ከሽመልስ እቅፍ ወሰድኩት። ገመዱን ባለ አራቱ ሳጥን ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳውን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ማንም አልሳቀም። ሽመልስ ጊታሩን አንጠልጥሎ አየኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። እማማ ተዋበች ግን እርግጠኛ ናቸው። ምታው።»

መታው። መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፤ በጫማዬ ሶል በኩል መጣ። ጠረጴዛ ላይ ያለው ጠላ በየብርጭቆው ውስጥ ክብ ሠራ። ከዳሱ ባላ ላይ አቧራ ረገፈ። ሽመልስ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አዘንብሎ ጠበቀ፤ አንድ ዘፈን፣ ሁለት ዘፈን፣ ሦስት። አላሳለም፣ አልሸተተም፣ አልጋለም። በአራተኛው ላይ ሽመልስ ዓይኑን ጨፈነ። ትዕግስት ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ መሬቱ ላይ ቆማ ስትጨፍር አየኋት። «ሐዘናችሁ እርጥብ ነው» ያሉት ጋሽ ወርቅነህም እስክስታ እንዴት እንደሚወርዱ ያን ቀን መሐል ሜዳ ሁሉ አየ። ልጅቱን የወሰዷት ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ሲል ነው፤ እየጨፈረች ነው የወጣችው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ክብሬ ሄደ። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ የኦምን ምልክት ስጽፍ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ጸበል ላምጣ?» ይሉኛል። ራሴ ላይ ያመጣሁት ነው፣ እቀበለዋለሁ። ዘነበች ግን አልተማረችም፤ ሙዚቃው በመጨረሻ የሠራው በጸበሉ ነው ብላ እስከ ዛሬ ትከራከረኛለች። ትልቁ ሳጥን ስፒከሩ ተቀይሮለት ተመልሷል፤ አሁን የሚችለውን ኃይል ያለ ልኬት አልገምትለትም።

ባልሽን በሕይወት ሳለ ስሚው ብዬ ልመክር አልተነሣሁም። እንዲህ ያለውን ምክር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብሰማ ኖሮ «እህ» ነበር የምለው። የማውቀው ያጋጠመኝን ብቻ ነው። በገበያ ቀን እማማ ተዋበች አጠገብ ድንጋይ ላይ እቀመጥና ደምሴ ያላቸውን እጠይቃቸዋለሁ። ሽመልስንም ሰው ፀጉር ሲያስተካክል ቆሜ እጠይቀዋለሁ። ባሌን ከሰው አፍ እየለቀምኩ ነው። አንዳንዱ የሚነግሩኝ ነገር እራት ላይ ለእኔም እንደነገረኝ ትዝ ይለኛል፤ ያን ቀን የማን ደብተር እያረምኩ እንደነበር ሳይቀር።

ዕቃውን አልሸጥኩም። ጥቁሬንም ገና አላወለቅሁም፣ ዓመት አልሞላም። ግን ሰው ይደውላል። ያቺ ዳስ ውስጥ ያማችኝ ሴትዮ ጭምር ለልጇ ሠርግ ደውላለች። ሰዎቹ የሚፈልጉት ቀኑንና ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አምፕና ሳጥን ካልተመጣጠኑ ምን እንደሚሆን ከመጀመሪያው እጀምርላቸዋለሁ፤ ኦም ምን እንደሆነ፣ ዋት ምን እንደሆነ፣ ለምን ትልቅ ነገር ሁልጊዜ ከትልቅ ነገር ጋር እንደማይገጥም። ስልኩ ውስጥ ሰውዬው ሲያዛጋ ይሰማኛል። አላቋርጥም።

እናንተ እዚህ ድረስ ታግሣችሁ ሰምታችሁኛል። ከደምሴ ሚስት ትሻላላችሁ።